ርግብ ያባረረው መዝሙሬ

ባለፈው እሁድ ከሲሬ ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር ቤተክርስቲያን ሄጄ፣ ራሴ የደረስኩትን መዝሙር ተምሬ ተመለስኩ። እውነቴን ነው... ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ነቀምቴ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ፎቶ ኮፒ እሠራለሁ። ይሄ ፎቅ የርግብ መንደር ሆኖ ነበር። ደረጃው በኩሳቸው ነጭ፣ የበረንዳው ብረት ነጭ... አንዷ ደንበኛዬ የዲግሪዋን ኮፒ ይዛ ገና ከበሬ ስትወጣ ጠብ አለባት። ዲግሪው ላይ! ምድር ቤት ያለችው ቬሎ አከራይም «ወይ ርግቦቹ ይውጡ ወይ እኔ እወጣለሁ» ብላ ለባለ ፎቁ ለኦቦ ፍቃዱ ቁርጡን ነገረቻቸው።

እኛ ተከራዮቹ መርዝ ይደረግ ስንላቸው ኦቦ ፍቃዱ ክው አሉ። የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው።

«ርግብ ልመርዝ? መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለች ወፍ እኮ ናት! ቁራ ቢሆን እንኳ እሺ...»

«ቁራም አለበት እኮ ኦቦ» አልኳቸው። መርዙ ግን ቀረ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለሌንሴ ስነግራት ሳቀች። «ሲዲ ስቀሉ። አባቴ በቆሎው ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ይሰቅል ነበር፤ ወፍ ድርሽ አይልም።»

«ይሄን ሁሉ ሲዲ ከየት አምጥቼ?»

አልጋችንን አየችው።

ወገኖቼ... አልጋችን ስር ያለው የኔ አልበም ነው። ከዓመታት በፊት በኦሮምኛ መዝሙር አውጥቼ፣ ሲዲው ታትሞ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ሲዲ መግዛት ትቶ መዝሙር በፍላሽ መገልበጥ ጀምሮ ጠበቀኝ። ካርቶኖቹ እንደታሸጉ ቀሩ። ከዛ ወዲህ መዘመርን እርም አልኩ። እሁድ እሁድ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው መዝሙር ሰምቼ እመለሳለሁ። አፍሬ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

«ሞቼ ነው ቆሜ! ፊቴ ያለበትን ሲዲ ፎቅ ላይ ልሰቅል?»

«ስንት ዓመት ተኙ! ወጥተው ሥራ ይሥሩ!» ብላ አንዱን ካርቶን ጎትታ አወጣችው።

ሰቀልናቸው። በናይሎን ክር፣ ከላይ እስከ ታች። በሳምንቱ ርግቦቹ ውልቅ ብለው ሄዱ። ቬሎ አከራይዋም ልትወጣ የሰበሰበችውን እቃ መልሳ ደረደረች። እኔ ግን የሰፈሩ መሳቂያ ሆንኩ። «ያንተን ድምጽ ርግብም አልቻለችውም!» ይሉኛል። አብሬያቸው ስቄ ወደ ኮፒዬ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን አዴ ጫልቱ የሚባሉ ገበሬ እናት የመሬት ደብተራቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። ቀና ብለው ሲዲውን አዩና «ይሄ ነገር ወፍ ያባርራል? ማሽላዬን ጨረሱት እኮ» አሉ። አንድ እቅፍ ሲዲ ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

ማሽላው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ተመልሰው መጡ።

«አካም ጅርታ ኢልማ ኮ፣ እንዴት ነህ ልጄ» አሉና አንድ የተጫጫረ ሲዲ ከነጠላቸው ስር አወጡ። «እንዲህ ወፍ የሚያስደነግጠው ምን ቢል ነው ብዬ በቤተክርስቲያናችን ማጫወቻ ከፈትኩት። አራተኛውን መዝሙር መዘምራኖቻችን አጠኑት። ይሄን ልጅ ታውቀዋለህ? እንዲመጣልን ፈልገን ነው።»

ጣታቸው ፎቶዬ ላይ ነው። ሱፍ ለብሼ፣ ቀጭን፣ ጸጉሬ ሙሉ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

መላጣዬን አዩ፣ ሆዴን አዩ፣ ፎቶውን አዩ። «ወይ ጌታዬ... አንተን ደግሞ ምን በላህ?»

እሁድ ሄድኩ። ከመዘምራኑ ጋር አቆሙኝ። ሁለተኛው አንቀጽ መግቢያ ላይ «ሃርካ ኮ ቀቢ» ይላል፣ እጄን ያዝልኝ ማለት ነው። እኔ እሱን ብዬ ወደ ቀጣዩ ስንኝ ስገባ ብቻዬን ቀረሁ። እነሱ «ሃርካ ኮ... ሃርካ ኮ... ሃርካ ኮ...» አሉና ዘለው ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ገቡ። ለካ ሲዲው እዛ ጋ ተጭሮ ኖሮ፣ ደጋግሞ ብሎ ይዘላል። እነሱ ደግሞ መዝለሉን ጭምር ከነጭብጨባው አጥንተውታል!

መዝሙሩ ቆመ። መዘምራኑ ዞረው አዩኝ።

«እዛ ጋ ሦስት ጊዜ ነው፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ አዴ ጫልቱ ቀስ ብለው፣ እንዳላፍር።

የደረስኩት እኔ ነኝ ልል ነበር። ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ምእመናን እናቶች እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ፣ የኔን መግባት ይጠብቃሉ።

«እሺ» አልኩና ሦስት ጊዜ ዘመርኩት። እንዲያውም እንደሱ ይሻላል።

በዚህ ሳምንት አዲስ መዝሙር መጻፍ ጀምሬያለሁ። ሰው ባይገዛው እንኳ... ማሽላ በየዓመቱ ይዘራል።