እትዬ የምትለኝ ልጄ

ወደ እስራኤል ልንሄድ ከጎንደር የወጣን ዕለት አውቶቡሱ የመጣው ገና ሳይነጋ ነው። ልጄ ማስተዋል ሦስት ልጆቿን እንደተኙ ትታ ልትሸኘኝ መጣች፤ የተቆላ ሽምብራ በጨርቅ ቋጥራ በመስኮት አቀበለችኝ። «እትዬ፣ አንቺ ከገባሽ እኛም እንከተላለን፣ አይደል?» አለችኝ። «ዓመትም አይሞላ» አልኳት። እንዲህ ያለኝ የተጓዦችን ስም የሚመዘግበው ሰውዬ ነበር፤ አምኜ ደገምኩላት። ይኸው ሰባት ዓመት ሆነ። ሽምብራውን እዚህ ቂርያት ጋት ከተማ በገባሁ በሳምንቱ በልቼ ጨረስኩት፤ ጨርቁ ግን አሁንም ትራሴ ሥር አለ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁት፣ የወለድኳት ልጅ እትዬ ብትለኝ አይገርማችሁም። እሷን ስወልድ እኔም ራሴ ልጅ ነበርኩ፤ ባሌ ደግሞ ሳትወለድ ሞተ። አባቴ ቢያድግልኝ «የመጀመሪያዋ የእኔ ናት» ብሎ ወሰዳት። እናቴን እማዬ፣ አባቴን አባዬ፣ እኔን እንደ ታላቅ እህት እትዬ እያለች አደገች። ስሟም ማስተዋል ቢያድግልኝ ተባለ። እኔ አንጓች ቢያድግልኝ ነኝ። በሰፈራችን ስንት ቤት እንዲህ ነበር! ማን የማን ልጅ እንደሆነ ግን የጠፋው ሰው አልነበረም።

እኔ ከመጣሁ በኋላ እዚያው ጎንደር የእስራኤል መንግሥት ሰዎች ማስተዋልን ለጥያቄ ጠሯት። ፎቶግራፌን አሳይተው «ይህችን ሴት ምን ብለሽ ትጠሪያታለሽ?» አሏት። ልጄ መዋሸት አታውቅም፤ «እትዬ» አለች። የአባት ስማችንም አንድ ነው። ጸሐፊው «እህት» ብሎ ጻፈ። እናት ልጇን ታስመጣለች፤ እህት ግን እህቷን አታስመጣም። በዚህች አንዲት መልስ የልጄ የመግቢያና የዜግነት ማመልከቻ ተንጠለጠለ። እምቢ አላሉም፣ እሺም አላሉም።

የምኖረው ኋላ ከሁለተኛው ባሌ ከወለድኩት ልጄ ከጌጡ ጋር ነው። እሱ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ ጉልበቴ ደረጃውን አንድ በአንድ ያውቀዋል። ነሐሴ ሲመጣ ጎንደር ጭቃው ጫማ ሲያስቀር ይታየኛል፤ እዚህ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ባዶ ነው። ጎመኑ ያምራል፣ ጣዕም ግን የለውም። ጎረቤት ከጎረቤት ግድግዳ ይጋራል እንጂ «እንዴት አደራችሁ» አይባባልም። ሁሉንም ለመድኩት። ያልለመድኩት ምስራድ መሄዱን ነው፤ ምስራድ ማለት ቢሮ ነው።

እዚያ ያለችው ሠራተኛ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች «ሳቭታ፣ ይታያል ብለንሻል እኮ» አለችኝ። ሳቭታ አያት ማለት ነው።

«ያንቺ አያት አይደለሁም፤ አንጓች እባላለሁ። መቼ ነው የሚታየው?»

«ዝምድናው ሲረጋገጥ።»

«እሺ፣ ደሜን ውሰዱና መርምሩ። የእሷንም ውሰዱ።»

«ለደም ምርመራ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«ፈቃዱን ማን ይሰጣል?»

«ማመልከቻውን የሚያየው ሰው።»

«እሱስ መቼ ያየዋል?»

«አልኩሽ እኮ፣ ዝምድናው ሲረጋገጥ።»

ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ስወጣ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

ጠበቃ ያገኘልኝ ጌጡ ነው። አስቴር ትባላለች፤ የእኛው ወገን ልጅ ናት፣ ግን እዚህ ያደገች ስለሆነች «እርስዎ» ማለት አታውቅም። «አንቺ አትፍሪ፣ መንግሥት እንዲህ ሊያዘገይ መብት የለውም፤ እንከሳለን» አለችኝ። መክሰስ የሚለውን ስሰማ ደስ አለኝ። ያኔውኑ ጎንደር ደውላ ማስተዋልንም መከረቻት፦ «ከዛሬ ጀምሮ እማዬ በያት። እንደገና ሲጠይቁሽ አፍሽ እንዳይስት።»

ፍርድ ቤቱ ኢየሩሳሌም ነው። አያቴ በጸሎቷ የምትጠራት ከተማ፤ እኔ ፋይል ታቅፌ ገባኋት። የመንግሥቱ ጠበቃ ሦስት ጊዜ «ተጨማሪ ጊዜ» ብሎ ሦስት ጊዜ ተሰጥቶታል። በአራተኛው ቀጠሮ ችሎቱ ሳይጀመር አስቴርን ወደ ጥግ ወስዶ አነጋገራት። ስትመለስ አንድ ወረቀት ይዛለች።

«እማማ፣ እዚህ ላይ ፈርሚ። ማስተዋል በመጀመሪያው ጥያቄ ውሸት ተናግራለች ይላል። ከፈረምሽ ፋይሉን ከአዲስ ይከፍቱታል።»

«ማን ዋሸ?»

«አውቃለሁ፣ ማንም አልዋሸም። ግን ወረቀት ነው።»

«በዚሁ ወረቀት ነገ ውሸታም ናት ብለው ቢያባርሯትስ?»

ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ «እሱም ሊሆን ይችላል» አለች።

አልፈረምኩም። አባቴ ያሳደጋትን ልጅ፣ እውነቱን የተናገረችውን ልጅ፣ ውሸታም ናት ብዬ በገዛ እጄ አልፈርምም። ዳኛው «ማመልከቻው ምን ያህል ጊዜ ቆየ?» ብለው ጠየቁ፤ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የመንግሥቱ ጠበቃ በሦስት ወር መልስ እንሰጣለን አለ። ዳኛውም መልስ ቃል ከተገባ የሚከራከሩበት ነገር የለም ብለው መዝገቡን ዘጉት። ከአዳራሹ ስንወጣ ያሸነፍን መስሎኝ አስቴርን አቅፌ ሳምኳት።

መልሱ በሦስት ወሩ መጣ። አንዲት መስመር ናት፦ ዝምድናው ስላልተረጋገጠ ማመልከቻው በመታየት ላይ ነው። አስቴር እንደገና እንከሳለን ትላለች፤ እንደ በፊቱ ግን ዓይን ዓይኔን አታየኝም። እኔ ግን ደረጃውን ስወጣ በየፎቁ ቆሜ አስባለሁ፦ ፈርሜ ቢሆን ኖሮስ?

ትናንት ከሰዓት በኋላ ማስተዋል ደወለች። ከበስተኋላዋ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማል።

«እማዬ፣ ደብዳቤው ምን ይላል?»

ነገርኳት።

«ልጄ፣ አሁን ማንም አይሰማንም። እንደ ልማድሽ እትዬ በይኝ።»

«አይሆንም። ድንገት ቢጠሩኝ ልምምዱ ይጠፋብኛል።»

አርባ ዓመት ሙሉ «እማዬ» የሚለውን ቃል ከአፏ ለመስማት በልቤ ስመኝ ኖሬያለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ የምትለው ግን ለእኔ ብላ አይደለም፣ ለጸሐፊው ነው። ጨርቁን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ፊቴን ጠረግሁ።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ» አልኳት።