በአባቴ ጆሮ የተፈተነ

የሥራ ባልደረባዬን ሚሊሜትር ብዬ የሰየምኳት እኔ ነኝ። ያወጣሁላት ለማብሸቅ ነበር፤ እሷ ግን ተቀብላ ማዕረግ አደረገችው። ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ባለችው አንዲት ክፍላችን እሷ ዌብሳይት ትሠራለች፣ እኔ ደንበኛ አመጣለሁ። አንድ ገጽ ስትጨርስ ከወንበሯ ትነሳና ግድግዳው እስኪያግዳት ድረስ ወደ ኋላ ሄዳ፣ እንደ አናጢ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። «ይቺ ጽሑፍ ወደ ግራ ወጥታለች» ትላለች። እኔ አፍጥጬ ባይ ምንም የወጣ ነገር አይታየኝም። ጠጋ ብላ ስትለካው ግን ሁልጊዜ ወጥታ ትገኛለች። ይኼ ነገሯ ስንት ቀን እንዳበገነኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከገዛ ዓይኗ ይልቅ የምታምነው ግን የአባቷን ጆሮ ነበር። አባቷ በልጅነታቸው በሕመም ዓይናቸውን ያጡ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ደዋዩ ገና አፉን ሳይከፍት በአተነፋፈሱ ይለዩት ነበር ይባላል። ብዙም አልጠራጠርም፤ እኔንም የቤታቸውን ደረጃ ስወጣ በጫማዬ ኮቴ ይለዩኛል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ኮምፒውተር ተማሩ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ፕሮግራም አላቸው። ፍጥነቱን ስለጨመሩት እኔ አንድ ቃል አልይዝም፤ እሳቸው ነጥብ አያመልጣቸውም።

እንግዲህ የአባትና የልጅ ልማድ ይህ ነበር። ማንኛውም ዌብሳይት ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት ቅዳሜ ጠዋት ወደ አባቷ ቤት ይሄዳል። ጋሼ ማውዝ አይነኩም። ከኪቦርዱ አንዷን ቁልፍ ብቻ እየመቱ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ፕሮግራሙም የደረሱበትን ይነግራቸዋል። መንገዱ ከተቃና ያንጎራጉራሉ። ከተደናቀፉ እንጉርጉሮው ቀጥ ይልና፣ «ልጄ፣ አንቺ እዚህ ጋ በር አለ ትያለሽ፤ እኔ የማገኘው ግድግዳ ነው» ይላሉ። እዚያው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታስተካክላለች። ሁሉም ሲያልቅ ከገጹ ግርጌ፣ በትናንሽ ፊደል፣ «ይህ ገጽ በአባቴ ጆሮ ተፈትኗል» ብላ ትጽፋለች። መጀመሪያ ላይ ደንበኛ ይስቅብናል ብዬ ተከራክሬያት ነበር። ኋላ ደንበኞች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሷን መሥመር መሆኑን ሳይ ዓይኔን በጨው አጥቤ የእኔ ሐሳብ ናት ማለት ጀመርኩ።

ኤአይ የሚሉትን ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ያመጣሁባት እኔው ነኝ። የምትፈልገውን በተራ ቋንቋ ስትጽፍለት ቁጭ ብሎ ገጹን ከነኮዱ ይሠራልሃል የሚል ወሬ ሰማሁና ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት ነሳኋት። «የሰው እጅ ያልነካው ነገር አያምርም» እያለች አንድ ወር ገፋችኝ። ከዚያ አንድ ክሊኒክ መጣ። ሕመምተኞች ቤታቸው ሆነው ቀጠሮ የሚይዙበት ዌብሳይት ፈለጉ፤ ዓርብ ይድረስልን አሉ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። እኔም ሳላማክራት እሺ አልኩ።

ሌላ መውጫ ስላልነበራት ሞከረችው። ከድሮ ሥራዎቿ የምትኮራበትን አንዱን ገጽ ሰጠችውና «ይህን አስመስለህ ሥራልኝ» አለችው። ሻይ አዝዘን ሳይበርድልን ገጹ ተሠርቶ አለቀ። ሚሊሜትር ተነሳች፣ ወደ ኋላ ሄደች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። የወጣ ነገር ፈለገች፤ አላገኘችም። «እኔ ሁለት ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም፤ እኔ ግን የምሰማው የራሴን ደስታ ብቻ ነበር።

ግርጌው ላይ ስትደርስ ሳቀች። ማሽኑ የድሮውን ገጽ ሲያስመስል መሥመሯንም ሳያስቀር ገልብጧታል፦ «ይህ ገጽ በአባቴ ጆሮ ተፈትኗል»። አባት ያለው ይመስል!

«ላጥፋት» አለች። እጇ ማውዙ ላይ ነበር። «ወይስ ቅዳሜ አባዬ ይስማውና እውነት ትሁን?»

«ርክክቡ ዓርብ ነው» አልኳት። «ደግሞ ማሽን አስተካክሎ በሠራው ላይ አባትሽ ምን ሊጨምሩበት ነው?»

ይህን ያልኩት በዚህ አፌ ነው። መልሼ ልውጠው ብል የማይዋጥ ንግግር አለ፤ አንዱ ይኼ ነው። እሷም መሥመሯን ተወቻትና «እሺ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ» አለች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ሥራው ፈጣን ሆነልኝና በላይ በላዩ ደንበኛ ጎተትኩ፤ በሁለት ወር ውስጥ ሌላ አሥር ገጽ አስረከብን። ሁሉም ያንኑ ገጽ እያስመሰሉ ስለተሠሩ ሁሉም ግርጌ ላይ ያቺ መሥመር አለች። ሚሊሜትር ወደ ኋላ ሄዳ ማየቱንም ተወች። ቅዳሜ ሲደርስ አባቷ ይደውላሉ፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታወራለች።

«የለም አባዬ፣ የሚሰማ ነገር የለም። ሥራ ቀዝቅዟል።»

ሥራ በዝቶ እንቅልፍ ባጣንበት ሰሞን ነው ይህን የምትለው። አንድ ቀን ለምን እንደምትዋሽ ጠየቅኳት። «አልሠራሁትም ልበለው? ወይስ ለአንተ ጊዜ የለኝም ልበለው?» አለችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት ተረት ቢኖርም፣ ያቻኮላት ሰው ምን እንደሚለቅም ተረቱ አይናገርም።

አንድ ሐሙስ የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ደወለችልኝ።

«አንድ ዓይነ ስውር አባት አሉ» አለች። «ለደም ግፊት ክትትል የሚመጡ። ከዌብሳይቱ ቀጠሮ መያዝ አቅቷቸው ሦስት ጠዋት በአካል መጥተው ተሰለፉ። ትናንትማ ዝናቡ ደብድቧቸው ነው የገቡት። እኔ ይቆጡኛል ስል፣ 'ይህን የምታስተካክል ልጅ አለችኝ፤ ጎበዝ ናት፤ ሰሞኑን ሥራ ቀዝቅዞባት ነው' ብለው ስልክ ቁጥር ሰጡኝ። ቁጥሩን ባየው የእናንተ ነው። ተሳስተው ይሆን እንዴ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «አጣራለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ስነግራት ሚሊሜትር ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች። የክሊኒኩን ገጽ ከፈተች፣ የአባቷን ዓይነት የንባብ ፕሮግራም አስነሳች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ያቺን አንዲት ቁልፍ መምታት ጀመረች።

«በተን» አለ ፕሮግራሙ። «በተን። በተን። በተን።»

ገጹ ላይ የሚጫነው ሁሉ ለእሱ በተን ነው፤ የምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ቀኖቹ ያሉበት፣ እኔ በቀለሙ የተደነቅኩበት የቀጠሮ ሰሌዳ ጋ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ዝም ብሎ አለፈው። ለዓይን ያማረው ሁሉ ለጆሮ ባዶ ነበር። ሚሊሜትር ዓይኗን ሳትገልጥ አለቀሰች፤ ከታች የልብስ ሰፊው መኪና ሳያቋርጥ ይሠራል፤ እኔ መሀል ቆሜአለሁ። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ አስተካከለችው። የፈጀባት አርባ ደቂቃ ነው። አባቷን ሦስት ጠዋት ያሰለፋቸው አርባ ደቂቃ።

ቅዳሜ «አብረኸኝ ና» አለችኝ። ደረጃውን ስንወጣ፣ «ሳልቀመጥ እነግረዋለሁ» አለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ብላ ደገመችው።

ጋሼ በሩን ሳናንኳኳ ከፈቱልን። «አፈ ቅቤም አለህ? ግቡ፣ ግቡ!» አሉ። ይህን ስም ያወጡልኝ ከደንበኛ ጋር በስልክ ሳወራ ሰምተው ነው። ወንበሩ፣ ሬዲዮው፣ ብርጭቆዎቹ፣ ሁሉም አንድ ጣት ሳይዛነፉ በቦታቸው ናቸው፤ የልጅቷ ሚሊሜትርነት ከየት እንደመጣ እዚያ ቤት ሲገቡ ይገባል።

«ከክሊኒኩ ደወሉልሽ አይደል?» አሏት።

«አዎ አባዬ። ደወሉ» አለችና ተቀመጠች። ሳትነግራቸው ተቀመጠች።

ላፕቶፑን ፊታቸው አደረግንላቸው። መምታት ጀመሩ። በተኑ ሁሉ ስም ነበረው። የቀጠሮው ሰሌዳ ጋ ሲደርሱ ፕሮግራሙ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍት መሆኑን ነገራቸው፤ ለማክሰኞ ያዙና ማንጎራጎር ጀመሩ። ሚሊሜትር ጉልበቷን ጨብጣ ወለሉን ታያለች። ይኼ አስጨነቀኝና፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «የበፊቱን የሠራው ሰው ግን እንዴት ያለ ግዴለሽ ነበር!» አልኩ።

እንጉርጉሮው ቆመ።

«እንደሱ አይባልም» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «ሰው ይቸኩላል።» ከዚያ ቁልፏን እየመቱ ወደ ታች ወረዱ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ፕሮግራሙ ግርጌው ላይ ደርሶ፣ «ይህ ገጽ በአባቴ ጆሮ ተፈትኗል» ብሎ አነበበ።

«ይቺን» አሉ ጋሼ፣ «የመጀመሪያ ቀንም ሰምቻታለሁ።»

እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሱ።

«በተን በተን ሲለኝ፣ የሠሪው ስም ግርጌ ላይ ይኖራል፣ ደውዬ እነግረዋለሁ ብዬ እስከ ታች ወረድኩ። ይቺን አነበበልኝ። አልሰማሁም ብዬ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።»

«አባዬ…» አለች። «አውቀህ ነው? ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ማዞሪያ ላይ የሠራ ሰው ይጠብቃል ልጄ። ደዋይ ሳይደውል ማንን ከማን አገናኛለሁ? በየቅዳሜው ስደውልልሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር። ስትቆዪብኝ ክሊኒኩን አስደወልኩልሽ።»

ያኔ ተናገረች። ሥራ ቀዝቅዟል ያለችው ውሸት መሆኑን፣ ገጹን ማሽን እንደሠራው፣ መሥመሯን አይታ እንደተወቻት፣ አንድም ሳታስቀር፣ እንደ ትንሽ ልጅ እያነባች ተናገረች። «ያፈርኩት በአንተ አይደለም፤ በራሴ ነው» አለች።

«ማሽኑን አልተቀየምኩትም» አሉ። «ለእኔም የሚያነብልኝ ማሽን ነው። ግን ጆሮዬን ያልሰማሁት ነገር ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ስንት ቦታ አለ?»

እሷ ወደ እኔ ዞረች። ዕድሜ ልኬን ስለ ሰው ሳወራ ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ራሴ አወራሁ፦ «ከክሊኒኩ ሌላ አሥር ነው ጋሼ። አባትሽ አያስፈልጉም ያልኳትም እኔ ነኝ። አሁን ግዴለሽ ያልኩትም ራሴን ነው።»

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«አፈ ቅቤ» አሉኝ፣ «የስምህን ሌላውን ግማሽ ሳልጠራው የኖርኩት አክብሬህ ነው።»

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። «በይ፣ ከአሥሩ ከአንደኛው ጀምሪ» አሏት። ልጃቸው የመጀመሪያውን ገጽ ከፈተች። ጋሼ ቁልፏን መቱ። «በተን» አለ ፕሮግራሙ። «በተን። በተን። በተን።» እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ ቆመን፣ አንዱንም ሳይዘልሉ እስከ ግርጌው ሲወርዱ ሰማን። አላንጎራጎሩም። መጨረሻ ላይ ማሽኑ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ይህ ገጽ በአባቴ ጆሮ ተፈትኗል» አለ።