አውጫጭ የተቀመጥን ዕለት

«አንች ልጅ፣ ያየሽውን አላየሽም። ገባሽ?»

አጎቴ ነው፤ የግቢያችን በር ላይ ቆሞ። ፊቱን በጣም ስላስጠጋ የጠላው ሽታ ይመጣብኛል። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ያየሁት ኔትወርክ ፍለጋ ወጥቼ ነው። ቤታችን ዘንገና አጠገብ ጎድጓዳ ውስጥ ስለሆነ ስልክ የሚሠራው ከሐይቁ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ዳንግላ ያለችው ጓደኛዬ ሥራ አግኝታልኝ እንደሆነ ልሰማ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። አጎቴ የጎረቤታችንን ዳማ ፈረስ እየሳበ፣ ለከሰል በተተከለው የዲከረንስ ዛፍ መሃል ሲያልፍ አየሁት። የፈረሱ ኮቴ በጆንያ ተጠቅልሏል። የስልኬ መብራት ፊቴ ላይ ነበር፤ እሱም አየኝ።

አገሩ የጠረጠረው ግን ሌላ ሰው ነው። ከሰል ሊያከስል ከሩቅ የመጣ፣ ከኛ ጓሮ በታች ላስቲክ ወጥሮ ከአራስ ሚስቱ ጋር የሚኖር። እዚህ አንድም ዘመድ የለው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭ ተጠራ። አውጫጭ ላይ አገሩ ሁሉ ሜዳ ተቀምጦ በተራ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ ይምላል። ያየ ሰው ካለ ለሽማግሌው በጆሮው ይነግራል፤ ሽማግሌውም «ወፍ ነገረኝ» ይላል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ወፍ ከጠፋ የተጠረጠረው ፈረሱን ይተካል፣ ካልቻለ አገር ይለቃል። ከሰል አክሳዩ ደግሞ ፈረስ ከየት ያመጣል? አራስና ጨቅላ ይዞ መንገድ ሊወጣ ነው።

ቅዳሜ እናቴ ድንች ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ነገ ምን ልበል?»

«ሁሉም የሚለውን።»

«ሁሉም ምን ይላል?»

«አላየሁም ይላላ! ደግሞ ይኸ ይጠየቃል? ሰው በዘመዱ ላይ አፉን አይከፍትም። ይምላል፣ ኋላ ለንስሐ አባቱ ይነግራል፣ ይሰግዳል፣ አለቀ።»

«እንደዚያ እንደሚደረግማ አውቃለሁ። ይገባል ወይ ነው የምልሽ።»

ቢላዋዋን አቆመች። «የሚገባውስ በሕይወት መኖር ነው። አጎትሽን አታውቂውም።»

አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ብቻዬን የማልወርደው።

እንጅባራ ስማር የግብረገብ መምህራችን ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፍሎ፣ በአንዱ ወገን «ሰው የሚያደርገው»፣ በሌላው «ሰው ሊያደርገው የሚገባው» ብሎ ጻፈ። ሸምድጄ ፈተናውን አለፍኩ። መስመሩ በእናቴና በእኔ መካከል ያልፋል ብዬ መች አሰብኩ። እናቴ ስለ አገሩ ሰው የነገረችኝ አንድም ውሸት የለበትም፤ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። «ሰው እንዲህ ያደርጋል» የሚለው ነገር የት ቦታ ላይ «አንችም አድርጊው» እንደሚሆን ግን ፈልጌ አጣሁት። እንዳገኘው ተመኝቼ ነበር። ፈርቼ ነዋ።

እሑድ አጎቴ ከእኔ በፊት ማለ። መስቀሉን ተሳለመ፣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ። ድምፁ ኩልል ያለ ነበር። ሲመለስ አጠገቤ ቆም ብሎ «ምነው አፍሽ ደረቀ? ውሃ ስጧት እንጂ» አለ። በዙሪያዬ ያሉት ሴቶች ሳቁ።

«ተራሽ ነው ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ተነስቼ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። በጆሯቸው ልነግራቸው ጎንበስ አልኩና መልሼ ቀና አልኩ። ጉብታው ላይ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ ወፏ ማን እንደሆነች አጎቴ ያውቃል።

«አባቴ፣ እኔ አልምልም። አይቻለሁ።»

«ቀስ በይ፣ በጆሮዬ...»

«በጆሮ ቢሆንም ያው ነው፣ ያውቁኛል።» ጣቴን ወደ አጎቴ ዘረጋሁ። «ፈረሱን የወሰዱት እርሳቸው ናቸው።»

«በስመ አብ! ወፏ ካደባባይ ላይ ጮኸች!» አለ አንዱ ከኋላ። ማንም አልሳቀም።

አጎቴ ዱላውን ይዞ ተነሳ። «ኔትወርክ ስታሳድድ ጭንቅላቷ ዞሮ ነው» አለ። የሚናገረው ለሽማግሌው ነው፤ የሚያየው ግን እኔን ነው።

ሽማግሌው ወደ ከሰል አክሳዩ ዞሩ። «ተነስ አንተ፣ ሚስትህ ዘንድ ግባ። አንተ ላይ ያለን ነገር የለም።» ከዚያ አጎቴን «እርስዎ ይቀመጡ» አሉት።

ከሰል አክሳዩ በአጠገቤ ሲያልፍ መሬት መሬት እያየ ነበር። እሱም ፈርቷል።

እናቴ ነጠላዬን ይዛ ከሜዳው ጎተተችኝ። ቤት እንደደረስን ልብሴን በፌስታል አጭቃ፣ የተቀቀለ ድንች ከላዩ ጨመረችበት።

«ባጃጅ እንዳትይዥ፤ ሹፌሩ የሱ ክርስትና ልጅ ነው። በዛፉ መሃል ሂጂ።»

«አንችስ?»

«እኔ እኅቱ ነኝ። ሂጂ አልኩሽ!»

በዲከረንሱ መሃል ሮጥኩ። ቅጠሉ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ዱላውን የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ከጥሊሊ የሚመጣው ሚኒባስ ታየኝ፤ እጄን አወዛወዝኩ። ሚኒባሱ ሳይቆም ረዳቱ በሩን ከፈተልኝና «እንጅባራ፣ ዳንግላ! ቶሎ በይ እቱ!» አለ። ዘልዬ ገባሁ።