ከሰኢድ ድምፅ በላይ

ይህቺን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተነፈስኳትም። በጾም ሥጋ መብላቴን ተናዝዣለሁ፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ሳል ይይዘኛል። እናንተ ፊቴን ስለማታዩት ልንገራችሁ።

እኔ ካምፓላ ውስጥ የካንትሪ ዘፋኝ ነኝ። ብትስቁ አልቀየምም፤ ቀድሜያችሁ ስቄበታለሁ። እዚህ አገር እሁድ እሁድ ሬዲዮው ካንትሪ ሲያጫውት ይውላል። ስለዚህ አንዲት ላም ነድቶ የማያውቅ ሐበሻ ሽማግሌ ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ ስለ ፈረስና ስለ ባቡር ሲዘፍን የሚከለክለው የለም። ለዓመታት ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ኪኩቦ ገበያ ጨርቅ የሚነግደው የወሎው ሰኢድ በየምግብ ቤቱ አብሮኝ ይዘፍን ነበር። በመንዙማ ያደገ ድምፅ ነው። ብሉግራስ የሚሉት ፈጠን ያለው የካንትሪ ዓይነት ደግሞ ነፍሱ ከላይ የሚሄደው ቀጭን ድምፅ ነው። እኔ ከታች ስጎትት ሰኢድ ከላይ ሲለቀው የበላተኛው ሹካና ቢላ ቀጥ ይላል። ሰው እሱን በስሙ ይጠራዋል፤ እኔ «ባለ ባርኔጣው» ነኝ። ቀናሁ? ቀናሁ እንጂ።

ከዚያ ኮሮና መጣና ሙዚቃ ተዘጋ። ሰኢድም ታመመ፤ ንሳምብያ ሆስፒታል ተኝቶ ከሳንባው ጋር ሲሟገት ከርሞ ወጣ። ሙዚቃ በተፈቀደ ሰሞን ቡጎሎቢ የሚባል ሰፈር ያለች አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ጠራችን። የምትቀጥረው አንድ ዘፋኝ ብቻ ስለሆነ ሰምታ እንድትመርጥ ተራ በተራ እንድንዘፍንላት ፈለገች።

ጊታር የምመታው ለሁለታችንም እኔ ነኝ። ሰኢድ ክር ነክቶ አያውቅም፤ እኔ ከሰጠሁት ላይ ይነሳል። በር ላይ ክንዴን ያዝ አደረገና፣

«አንተ ሽማግሌ፣ ትንፋሼ ገና ነው። ዛሬ ዜማውን ዝቅ አድርገህ ምታልኝ» አለኝ።

«ሰኢዴ፣ እሱን ለእኔ ተወው» አልኩት።

ካፖ የምንላት የጊታሩን አንገት የምትነክስ መቆንጠጫ አለች፤ ወደ ጊታሩ ሆድ ባስጠጓት ቁጥር ዜማው ይቀጥናል። ማራቅ ሲገባኝ አስጠጋኋት። እጄ ስቶ አይደለም። እኔ ነኝ ያስጠጋኋት፣ እያወቅሁ፣ ፈገግ ብዬ። ሰኢድ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። መልሶ ሞከረ፣ መልሶ ተሰነጠቀ።

«ምዜ» አለችው ሴትየዋ፣ አዛውንት እዚህ እንዲህ ተብሎ እንደሚከበረው፤ «ይረፉ፣ በሽታው ነው።»

እኔስ? ካፖዋን ለራሴ እንደሚመቸኝ መለስኳትና ዘፈንኩ፤ ሥራውን አገኘሁ። ቀድሞ የጨበጠኝ ሰኢድ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ አንዳችን እንኳ ተርፈናል» አለ።

በዚህ ቢያበቃ ሌብነት ነው ብዬ እናዘዘው ነበር። ሌባ ግን የወሰደውን ያውቃል፤ እኔ ምን እንደወሰድኩ የገባኝ በመውሊድ ቀን ነው። ሰኢድ ቤቱ እንግዳ ሰብስቦ እኔንም ጠርቶኝ ነበር። ድቤው ተመታ፤ «ሰኢድ ያውርድልን» ተባለ። መንዙማ ሲያወርድ የሱን ያህል የለማ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ኮሮና ድምፄን በልቶታል። ካላመናችሁ እሱን ጠይቁት፣ ጆሮው ሐኪም ነው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ድምፅህ ደህና ነው፤ ያስሰነጠቅሁት እኔ ነኝ» ማለት ያቅታል? ምን ነበረበት? እኔ ምን አልኩ?

«እውነቱን ነው» አልኩ።

ሌላ ሰው አወረደ። ሰኢድ ከተቀባዮቹ መሀል ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ዋለ።

እርጅናዬንና ስደቴን ሰበብ አድርጌ ብደረድር ታዝኑልኝ ይሆናል፤ አልደረድርም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ድምፁን ያጣው እናንተ አይደላችሁም። ያጣው ሰው ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካ ነው፤ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ቅርብ ነው። እስከ ዛሬ አልሄድኩም።