አበልጅ የጠገነው ሞተር

ወረታ ውስጥ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የብረታ ብረት ቤት ነበረን። ሲኤንሲውን፣ ያንን በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ብረት መቁረጫ፣ የገዛነው ከአባታችን የደረሱንን ከብቶች ሸጠን ነው፤ የእሱም የእኔም ነበር። ለሩዝ መፈልፈያዎች ዘንግ የምቆርጥበት እኔ ነበርኩ። ኮሌጅ የገባሁትም ለዚሁ ነው፤ ሌላ እንጀራ አልነበረኝም።

ሩዝ ሊታጨድ ሲል መብራት ሄዶ መጣና መቁረጫውን ወዲያና ወዲህ የሚነዳው ሰርቮ ሞተር ተቃጠለ። ባሕር ዳር እንላከው አልኩ። ወንድሜ ግን አበልጁን ጠራ፤ ልጁን ክርስትና ያነሳለትን፣ የፎገራን የመፈልፈያ ሞተር ሽቦ ሲጠቀልል ያረጀውን ሰው። አበልጅ እያለ ሌላ ባለሙያ ጋ መሄድ እኛ ዘንድ ከስድብ ይቆጠራል።

ሽቦውን አሳምሮ ጠቀለለው፤ አልዋሽም። ጥፋቱ ከኋላ ያለው ኢንኮደር ላይ ነው። ዘንጉ የት እንደደረሰ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው እሱ ስለሆነ፣ ሲፈታ ምልክት ተደርጎበት በነበረበት መመለስ አለበት። ሰውየው ያለ ምልክት ፈታው። እሱ የሚያውቀው የመፈልፈያ ሞተር ከኋላው ማራገቢያ እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ስናስነሳው መቁረጫው ባልታዘዘበት በኩል ዘለለና ማሽኑ ስህተት ብሎ ቆመ። ሞተሩን አውርደን ለብቻው እንሞክረው፣ ኢንኮደሩንም እናስተካክል ብዬ ለመንኩ። ደንበኞች ቆመው እያዩ ነበርና ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ፤ ሰውየው የሞተሩን ሁለት ገመድ አቀያየረ። ወረታ ላይ ወደ ኋላ የዞረ ሞተር ሁሉ የሚድነው እንዲህ ነው። ሰርቮ ግን እንዲህ ከተነካ ኮምፒዩተሩ ሊመልሰው በሞከረ ቁጥር ይብሱን ይሸሻል።

ዋናውን ማብሪያ ላጠፋ ስል ወንድሜ እጄን ያዘኝ። "ተይ፣ ሰውየውን አታሳፍሪው" አለኝ፤ ራሱም ማስነሻውን ተጫነ። መቁረጫው ተወርውሮ ብረት መያዣው ላይ ተላተመ፤ የሚነዳው ረጅሙ ብሎን ጎበጠ። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ነግሬዎት አልነበረም ወይ ብዬ ሰውየው ላይ ጮህኩ። ተቀይሞ ወጣ። ወንድሜ ሽማግሌ ላከበት፤ ሽማግሌዎቹም ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ እንድሆን ፈረዱ፤ አበልጅ ተደፍሯል ተብሎ። ስለ ማሽኑ አንድም ሰው አላነሳም። አልጠይቅም አልኩ። ወንድሜ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

"ማሽን ይተካል፤ አንቺም ነገ አግብተሽ ትሄጃለሽ። ለልጄ ግን ሌላ የክርስትና አባት ከየት ላመጣ ነው?"

ሳይቆጣ ነው ያለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። ተመልሼ ገባሁና ጎንበስ ብዬ የሰውየውን ጉልበት ሳምኩ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፤ እግዜር ጥሩ ባል ይስጥሽ ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ።