የወንድሜን ፊልም የገመገምኩ ቀን

ረመዷን በመጣ ቁጥር፣ ለማፍጠሪያ ከጅዳ የሚላከው ቀይ ሽሮፕ ገና ጠርሙሱ ሲከፈት፣ ጣፋጭ ሽታው ሐይቅ ከተማ ወደነበረው ግቢያችን ይዞኝ ይመለሳል። ለሌላው ሰው መጠጥ ነው፤ ለእኔ ግን ደም ነው። ታላቅ ወንድሜ ጀማል፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ልገባ በነበረበት ክረምት፣ ሽሮፑን ከዱቄት ጋር እያሸ የፊልም ደም ይሠራበት ነበር፤ እናታችንም ጠርሙሱ ጎድሎ ባገኘችው ቁጥር እኔን ትቆጣ ነበር።

ጀማል ባጃጅ ይነዳ ነበር። ከሳዑዲ የተመለሰ የአክስታችን ልጅ ያመጣውን ካሜራ ተውሶ፣ አራት ጓደኞቹን አሰባስቦ፣ «የሐይቅ ስውሮች» የሚል ፊልም ሊሠራ ተነሳ። ታሪኩ ቀን ቀን ባጃጅ ነጂና ልብስ ሰፊ መስለው የሚውሉ፣ ሲመሽ ፊታቸውን ሸፍነው የከብት ሌቦችን የሚያሳድዱ አምስት ወጣቶች ነበር። የገበያውን ግርግር ለመቅረጽ ውጫሌ ድረስ ሄዱ፤ ሌላውን ዝናቡ ባባራ ቁጥር ሐይቁ ዳር ወርደው እየዘለሉ፣ እየተገለበጡ ይሠሩትና ጭቃ በጭቃ ሆነው ይመለሱ ነበር። ጓደኞቹ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ለመውጣት ደላላ አናግረው ስለነበር እናቴ እንቅልፍ አጥታ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። አንድ ቀን ጭንብሉን እየሰፋሁለት አንተም ትሄዳለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ሰዉ ከወደደልኝ ወላሂ አልሄድም» አለኝ። «ክፍል ሁለትን እሠራለሁ።»

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ፊልሙ በከተማው ቪዲዮ ቤት ታየ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጀማል ከባጃጅ ጣሪያ ላይ ተወርውሮ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ ሲወጣ ልብሱ ደረቅ ነው፤ በአንድ ጥይት ሰባት ሌባ ይወድቃል፣ ከሞቱት አንዱ ዝንብ እሽ ይላል። ሰዉ በሳቅ ተንከተከተ፤ ሳቁ ግን የፍቅር ነበር። የተዘረፉት ሽማግሌ ላሞቻቸውን ሲያገኙ አንዲት ሴትዮ እልል አለች፣ ሲያልቅ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው፣ ይደገም ተብሎም ተደገመ። ጀማል ከሁሉም ኋላ ማጫወቻው አጠገብ ቆሞ ጆሮውን ለሰዉ ሰጥቶ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አባል ስለነበርኩም በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ጽሑፍ አነብ ነበር። የአማርኛ መምህራችን ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ ተአማኒነት የሚሉትን ቃላት ባስተማሩን ሳምንት፣ የፊልም ግምገማ ማን ያቀርባል ሲሉ እጄን አወጣሁ። ለወንድሟ አዳላች እንዳልባል ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን አዋቂ መባል አምሮኝ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ሌሊት ነው ሲሉን ፀሐይ አናታቸው ላይ እንደነበረች፣ ፊታቸውን ቢሸፍኑም ከተማው በጫማቸው እንደለያቸው፣ የጀማልን ልብስ፣ የዝንቡን ነገር፣ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩ። ራሴ የሰፋሁትን ጭንብል እንኳ ጠማማ ነው አልኩት፤ ፊልሙ ተአማኒነት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም ብዬም ደመደምኩ። ተማሪው በሳቅ ሞተ፤ መምህሩም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ያላሰብኩት፣ ድምፅ ማጉያው ከአጥሩ ውጭ እስካለው የባጃጅ ተራ ድረስ እንደሚሰማ ነበር። ጀማል እዚያ ተራ ይዞ ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ሳምንት ሳይሞላ ያልኩት ሁሉ ከተማውን አዳረሰ፤ ልጆች ባጃጁን እያስቆሙ «ዝንቡስ?» ይሉት ጀመር፣ እልል ያለችው ሴትዮ እንኳ ለካ የማይረባ ነገር ነው ያየነው ብላ ማፈሯን ሰማሁ። እኔ ይቆጣኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ እራት ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያልሽው ልክ ነው እታለም» አለኝ። «ልብሴ ደርቆ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ክፍል ሁለት አንስቶ አያውቅም። ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ሳያልቅ፣ ካሜራውን ለባለቤቱ መልሶ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። እናቴ ድምፁን እስክትሰማ ድረስ ያሉትን ወራት መስገጃዋ ላይ አሳለፈቻቸው። በአንቺ የተነሳ ነው ያለኝ የለም፣ ምናልባትም መሄዱ አይቀርም ነበር፤ ግን ሰዉ ከወደደልኝ አልሄድም ያለውን ቃሉን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ይቆጨኛል።

ዛሬ ጀማል ሪያድ ውስጥ የሰው መኪና ይነዳል፣ ሦስት ልጆችም አሉት፤ እኔ ደሴ ሆኜ ስለ ፊልም እጽፋለሁ። ያኔ ስሕተት መልቀም እውቀት ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ሌላውን ሁሉ ከመጻፌ በፊት ሰዉ የት ላይ እንዳጨበጨበ አሰፍራለሁ። ጁምዓ ጁምዓ ይደውልልኛል፣ ስለ ልጆቹ እንጫወታለን፣ ስለዚያ እሁድ ግን አናነሳም። ያን ቀን ከፊት ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ከሁሉም ቀድሜ ተነስቼ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱ ግን ከሰዉ ሁሉ ኋላ ቆሞ ስለነበር አላየኝም። በሁለቱ ገጽ ውስጥ አልጻፍኩትም፣ ለእሱም እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።