የጋሽ ወርቁ ንፍሮ

ባለፈው ሳምንት የወረዳው አዳራሽ ውስጥ «የማኅበረሰብ ፈውስ» የሚባል ሥልጠና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ጡረተኛ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ነገር በመጣ ቁጥር ስሜ ከዝርዝሩ አይጠፋም። አሠልጣኟ ፈገግታ ከፊቷ የማይለያት፣ የልጄ እኩያ የምትሆን ሴት ናት። ወንበሮቹን በክብ አስደርድራ አስቀመጠችንና ዓይናችንን እንድንጨፍን ነገረችን። «ትንፋሻችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ሳቡት። አሁን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አውጡት። ይህን ዘዴ የተማርኩት ውጭ አገር ነው፤ ያዘነን ልብ ያረጋጋል» አለች።

ሌሎቹ እሺ ብለው ጨፈኑ። የእኔ ደም ፈላ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ እንጀራዋ ነው። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ሻዩና ቦምቦሊኖው ሳይደርስ ወጣሁ። ይህንኑ አተነፋፈስ ከአርባ ምናምን ዓመት በፊት እዚሁ ኮልፌ ያስተማረን ሰው ነበር። ውጭ አገር አልሄደም፤ ወንበርም በክብ አላስደረደረም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነው ያስተማረን።

ጋሽ ወርቁ ወጌሻ ነበር። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል፣ ባሕር ዛፎቹ መሀል ብቻውን ይኖር ነበር። እስከ አስኮ ድረስ እጁ የተሰበረ፣ ወገቡ የተቀጨ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። እኔም በአሥራ ሁለት ዓመቴ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ጭቃው አዳልጦኝ የእጄ አንጓ በተሰበረ ጊዜ የጠገነኝ እሱ ነው። ቶሎ አይነካም። አጠገቤ ቁጭ አለና ዓይኑን ጨፍኖ ዝም አለ። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሱ ዝም። ቆይቶ ቆይቶ ትንፋሼ ከእሱ ትንፋሽ ጋር እኩል መሄድ ሲጀምር እጁን ዘረጋ። አጥንቱን መልሶ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ በሸንበቆ ስንጥር አስሮልኝ ሄደ። እሱ ከበር እንደወጣ እናቴ ጣቶቼንና ክንዴን እስከ ማሰሪያው ድረስ በሳሙና አጠበችው። «ቅቤው እንዲለቅ ነው» አለችኝ። ወንድሜን ሌላ ወጌሻ ሲያሸው ግን ቅቤው እስኪሰርግ እንዳትነኩት ብላን ነበር።

ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ወርቁ በልጅነቱ ከምዕራብ በኩል ተይዞ መጥቶ በአንድ ባላባት ቤት ያደገ፣ መልኩ በጣም ጥቁር የሆነ ሰው ነበር። በሌለበት «ባሪያው» ይሉታል፤ ባለበት «ወርቁ» ብቻ። እድርተኛ ልሁን ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆ ሁለቱንም ጊዜ መልስ አላገኘም። አባቴን በአሥር ዓመት ይበልጠዋል፤ አባቴ ግን «አንተ» ይለው ነበር፣ እሱ ደግሞ አባቴን «ጌታዬ»። ጋሽ እያልኩ የምጽፈው አሁን ነው። በሕይወት እያለ አንድም ቀን ጋሽ ብዬው አላውቅም።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ታላቅ ወንድሜን ሙሉጌታን ወሰዱት። እናቴ በየቀኑ ስንቅ ታደርስለት ነበር። አንድ የሐምሌ ቀን የእስር ቤቱ ጠባቂ ሳህኑን እንዳለ መለሰላትና «ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ» አላት። ከዚህ ሌላ የነገረን የለም። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ማልቀስም ክልክል ነው። ለፀረ አብዮት የሚያለቅስ እሱም ፀረ አብዮት ነው ተብሎ፣ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ታቅፎ በራችን ላይ ቆሞ ነበር።

እድሩ ድንኳን አልጣለም። ጎረቤት አልመጣም። የእድሩን ዳኛ መንገድ ላይ ሳገኘው ጃንጥላውን ፊቱ ላይ ዝቅ አድርጎ አለፈኝ። ዝናቡ እኮ ካባራ ቆይቷል። ፈርተው ነው፤ ያ ጊዜ ምን እንደነበረ ያየው ያውቃል። ቢሆንም አልተውኩላቸውም። ከመንገድ ማዶ ሆኖ በዓይኑ እንኳ አይዟችሁ ያለን ሰው አልነበረም።

እናቴ ሦስት ቀን አልበላችም፣ አልተናገረችም፣ እንባም አልወጣትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበርና ሲንጀሩ ፊት ይቀመጣል፤ እግሩ መርገጫው ላይ ነው፣ አይረግጥም። እናቴ በዚያው ታልፋለች ብዬ ነበር፤ በእውነት።

በአራተኛው ቀን ጋሽ ወርቁ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዞ መጣ። ጠባቂው «ወዴት ነው?» ሲለው ሰማሁ።

«የአባወራው ወገብ ተቀጭቷል አሉኝ። ላሸው ነው» አለ።

ገብቶ ጫማውን አወለቀና መሬት ላይ ተቀመጠ። ሳህኑን አጠገቡ አደረገ። እጄን በጠገነልኝ ጊዜ እንዳደረገው ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ለእናቴ ቀስ ብሎ ነገራት።

«እመቤቴ፣ እኔን ከእናቴ የለዩኝ ልጅ ሆኜ ነው። ጌቶቼ ቤት ማልቀስ አይፈቀድም ነበር። ድምፅ ካሰማን እንገረፋለን። ስለዚህ እኛ ልጆቹ በትንፋሽ ማልቀስ ለመድን። በር ላይ ያለው ሰው አይሰማውም። ላሳይዎት።»

አየሩን ረጅም አድርጎ ሳበውና በጥቂት በጥቂቱ፣ እየቆራረጠ አወጣው። ደግሞ ሳበ። መጀመሪያ የተከተለው አባቴ ነው። ቀጥሎ እኔ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ የእናቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አፏን ከፍታ ያለ ድምፅ አለቀሰች፤ እንባዋ እስከ አንገቷ ወረደ። ስትጨርስ ውኃ ለመነችኝ። በሦስት ቀን ውስጥ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

እንዲህ እያደረገ ዘጠኝ ቀን ተመላለሰ። በአምስተኛው ቀን ጠባቂው «ወገብ እንዲህ ይቆያል እንዴ?» ብሎ በሰደፍ ጎኑን መታው። በማግስቱ እያነከሰ መጣ።

ሳህኑ ውስጥ የሚያመጣው ንፍሮ ነበር። ልቅሶ ቤት ንፍሮ ከጎረቤት ይመጣል፤ ወጉ ነው። ከዚያ ሁሉ ጎረቤት ወጉን ያደረሰው እሱ ብቻ ነው። ስንዴና ሽምብራ ራሱ ለቅሞ፣ ራሱ ቀቅሎ ነው የሚያመጣው። ጨው ይኑረው አይኑረው ግን አላውቅም።

በስድስተኛው ቀን፣ እሱ ከሄደ በኋላ፣ እንጨት ላመጣ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እናቴ ቆማ ንፍሮውን ለዶሮዎቹ ትበትናለች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«በየቀኑ ነው እንዲህ የምታደርጊው?»

«እሱ ቤት የበሰለ እዚህ አይበላም። እጁን አልካድኩም፤ እጁ የተባረከ ነው። ምግብ ሌላ ነው።»

«ሙሉጌታን ማን አለቀሰልን? ከዚህ ሁሉ ክርስቲያን ማን መጣ?» አልኳት። እናቴን እንደዚያ ቀን ጠልቻት አላውቅም። ከሞት የመለሳትን ሰው ምግብ ለዶሮ ስትሰጥ ማየት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሳህኑን ወደ እኔ ዘረጋችው። ግማሹ አልተበተነም። «እሺ፣ አንቺ ብይው» አለች።

እኔ ትምህርት ቤት ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ከፊት ቆሜ የማዘምር ልጅ ነበርኩ። ርቦኝም ነበር። ንፍሮው ይሸተኛል። እጄ ግን አልተነሣም። የያዘኝ ነገር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ስሙንም አልደብቅም፤ ንቀት ነው። ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ንቀት። እናቴ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝና የቀረውን በተነችው።

ሳህኑን አጥቤ የመለስኩለት እኔ ነኝ። «በላችሁ?» አለኝ።

«በላን፤ እግዜር ይስጥልን» አልኩት።

ፊቱ በራ። በማግስቱ አብልጦ ቀቅሎ መጣ።

ያ ዘመን ሲረግብ የእድሩ ዳኛ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥቶ ይቅርታ ጠየቀን። አባቴ ይቅር አለና «ወርቁን መዝግቡልኝ» አለው። ዳኛው «ስብሰባ ላይ እናነሣዋለን» ብሎ ሄደ። አላነሡትም፤ አባቴም ደግሞ አልጠየቀም። የቀበሌው ግድግዳ ላይ ሰው ሁሉ እኩል ነው ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። ዳኛው በየቀኑ በሥሩ ያልፋል፤ እኛም እናልፋለን።

ጋሽ ወርቁ የሞተው እኔ ታይፒስት ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ጠዋት ሰምተናል። እናቴ ጉልበቴን አሞኛል አለች። አባቴ ለቀጠሮ የሚደርስ ሱሪ ነበረው። እኔ ቢሮ ነበረብኝ፤ ፈቃድ ብጠይቅ አይከለክሉኝም ነበር። አልጠየቅኩም። ሁለት የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎችና አንድ ተሸካሚ ቀበሩት ሲባል ሰማሁ።

ከሥራ ስመለስ እናቴን ጓሮ አገኘኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የላትም። እሱ እንዳስተማራት አየሩን እየቆራረጠች ታወጣዋለች። በራችን ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው አልነበረም። የፈራችው ጎረቤት ለባሪያ አለቀሰች እንዳይላት ነው።

አሠልጣኟ በሥልጠናው ማግስት ስልኬን ፈልጋ ደወለችልኝ። «ማዘር፣ ያስቀየምኩዎት ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው የሚቀጥለው እንዳያመልጥዎት። ቁጣን ስለመልቀቅ ነው።»

ልጅቷን አመሰገንኳትና አልመጣም አልኳት። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ አባቴም፤ ዳኛውም። ጋሽ ወርቁ የት እንደተቀበረ የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም። ድንኳን ያልተጣለለት፣ ስሙ እድር መዝገብ ላይ ያልገባ ሰው በዚህ ሰፈር የቀረው ነገር ቢኖር የእኔ ቁጣ ነው። እሱን ደግሞ በትንፋሽ አላወጣውም።